ክረምቱ ሲወጣ፣ ወንዙ ሲጎድል፤ የኢሬሳ በዓል በወለጋ

ነቀምቴ - በወለጋ ክረምቱ ረጅም ነው። በብዙው የሀገሪቱ ክፍል ዝናቡ የሚጠናከረው ሰኔ ከገባ በኋላ ሲሆን፣ በነቀምቴና በአካባቢዋ ግን ምድሩ ገና በግንቦት ይረሰርሳል። እስከ መስከረም፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ጥቅምት ድረስ ሰማዩ አይጠራም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው ነቀምቴ በዓመት የምታገኘው የዝናብ መጠን 2000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ደዴሳና አንገር፣ ወደ እነርሱም የሚፈስሱት ቁጥር ስፍር የሌላቸው ወንዞች በእነዚህ ወራት ከአፍ እስከ ገደፋቸው ይሞላሉ።

ድልድይ ባልነበረበት ዘመን የወንዝ መሙላት ለአካባቢው ነዋሪ የመንገድ ችግር ብቻ አልነበረም። ልጁን ወንዝ ማዶ የዳረ አባት ስለ ደኅንነቷ ወሬ ሳይሰማ ይከርማል። ገበያ ይቀዛቀዛል፤ የተጀመረ ሽምግልና ይቋረጣል፤ የሞተ ዘመድ መርዶ እንኳ የሚደርሰው ውሃው ሲጎድል ነው። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ በኦሮምኛ ‹ኬሎ› የሚባለው ቢጫ አበባ በየመስኩ ሲፈነዳና መልካው ሰው ማሻገር ሲጀምር፣ ሕዝቡ ለምለም ሣር ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርደው ከዚህ የተነሣ ነው። ሥርዓቱ በአብዛኛው የኦሮሚያ አካባቢ ‹ኢሬቻ›፣ በወለጋና በሌሎች የምዕራብ አካባቢዎች ደግሞ ‹ኢሬሳ› በመባል ይታወቃል።

ኢሬቻ ሲባል በብዙ ሰው ዐይነ ኅሊና ላይ የሚመጣው በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር በየዓመቱ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ የሚሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ ነው። በወለጋ ግን የበዓሉ መሠረት የአንድ ታላቅ ስፍራ ጉባኤ ሳይሆን የቤተሰብና የጎረቤት፣ የአንድ ወንዝና የአንድ መሻገሪያ ሥርዓት ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ ማወቅ በዞን፣ በወረዳና በከተማ አስተዳደር ደረጃ በዓሉን የማስተናገድ ኃላፊነት ላለባቸው የሥራ ኃላፊዎች ከዕውቀት ያለፈ ጥቅም አለው።

የኦሮሞ ሕዝብ ዓመቱን በአራት ወቅቶች ይከፍላል። ክረምቱ ‹ጋና›፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የጠራ ሰማይና የአበባ ወቅት ‹ቢራ›፣ በጋው ‹ቦና›፣ የበልጉ ወራት ደግሞ ‹አርፋሳ› ይባላሉ። ጋና ከሁሉም የከበደው ነው፤ ዕድሜ እንኳ የሚቆጠረው በዚሁ ቃል ነውና አንድ ሰው ይህን ያህል ጋና አለፈው ሲባል ያን ያህል ጨለማና ጎርፍ ተሻገረ እንደ ማለት ነው። ኢሬሳም ሁለት ነው። አንደኛው በቢራ ወቅት በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚከናወነው የምስጋና ሥርዓት ሲሆን ‹ኢሬቻ መልካ› ይባላል። ሁለተኛው በአርፋሳ ወቅት በተራራ ላይ የሚከናወነው ‹ኢሬቻ ቱሉ› ሲሆን፣ ዝናቡ በወቅቱና በልኩ እንዲመጣ የሚለመንበት ነው። በብዙኃን መገናኛ ጎልቶ የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ በመሆኑ የተራራው ሥርዓት ከገጠሩ ውጭ እምብዛም አይታወቅም።

የመልካው ሥርዓት የሚጀምረው ወንዝ ከመወረዱ በፊት ነው። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ወደ መልካ መውረድ ነውር ነው። ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ ሽማግሌዎች ከፍተኛ ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ የድንበር ጠብ፣ የከብት ካሣ፣ በባልና ሚስት መካከል ያለ ቅሬታ በእነዚህ ቀናት ይታያል። በዕለቱ ሕዝቡ የሠርዶ ሣርና የኬሎ አበባ በእጁ ይዞ፣ የሀገር ልብሱን ለብሶ ይሰለፋል። ወደ ውሃው በቅድሚያ የሚቀርቡት አባቶችና እናቶች ናቸው። የመሻገሪያው ባለ አደራ የሆኑት ‹አባ መልካ› በሚገኙበት ስፍራ መልካውን የሚከፍቱት እርሳቸው ናቸው፤ ከእርሳቸው ፈቃድ በፊት ማንም ሰው እግሩን ወደ ውሃው አያገባም።

ከዚያም ምርቃቱ ይቀጥላል። ሽማግሌው አንድ ሐረግ ይላሉ፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ‹ሀዬ› ብሎ ይቀበላል። ምስጋናው ለዋቃ፣ ማለትም ለፈጣሪ ነው። ከጨለማው ወደ ብርሃኑ፣ ከጎርፉ ወደ ደረቁ ስላሻገረን የሚል መንፈስ ያለው ሲሆን፣ ከምስጋናው ቀጥሎ ማሳ ላይ ያለው ሰብል ከውርጭና ከበረዶ እንዲጠበቅ፣ ሰላም እንዲሰፍን፣ የታመመ እንዲድን ይለመናል። ሣሩ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሰው ራሱንና ልጆቹን ይረጭበታል፤ ቀሪው በውሃው ዳር ይቀመጣል። በገጠር ቀበሌ ይህ ሁሉ ከአንድና ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። መድረክ የለም፤ የድምፅ ማጉያ የለም፤ የክብር እንግዳ የሚባልም የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የዘፈንና የጭፈራ፣ የመብልና የመጠጥ ነው።

በዓሉ በወለጋ ይህን የቤተሰብ መልክ ይዞ የመቆየቱ አንዱ ምክንያት ታሪካዊ ነው። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቡሉቅ የሚገኘው በአሁኑ የሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞን ውስጥ ነው። ይሁንና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራቡ አካባቢ የየራሳቸው ግዛት ያላቸው ገዥዎች እየበረቱ ሲመጡ የገዳ ሥርዓት የፖለቲካ ሥልጣኑን አጥቷል። በነቀምቴ የተነሡት በከሬ ጎዳና፣ ልጃቸው ሞረዳ በከሬና የልጅ ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ የዚህ ታሪክ ዋና ምሳሌዎች ናቸው። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም በነቀምቴ ከተማ ይገኛል። ሥልጣኑ ከገዳ አባቶች ወደ ቤተ መንግሥት ሲሸጋገር ምርቃቱ ግን በየቤቱና በየመልካው፣ በቤተሰብ አባቶችና በእናቶች እጅ ቀረ። ቤተ መንግሥቱ አጥርና ዘበኛ አለው፤ መልካው ያለው ሽማግሌዎቹን ብቻ ነው።

በወለጋ ከተሞች ኢሬሳን ከመስቀል ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ መስቀል የቤተሰብ በዓል ነው፤ ለሥራ አዲስ አበባና ሌላም ቦታ የሄደ ልጅ ከተቻለው የሚመለሰው ለመስቀል ነው። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓሉ የቅዱስ መስቀሉ መገኘት መታሰቢያ ሲሆን፣ ለአራሹ ሁሉ ደግሞ የክረምቱ መውጫ ምልክት ነው። በገበታው ላይ በዚህ ወቅት የማይታጣው አንጮቴ ነው። አንጮቴ በወለጋ የሚለማ የሥራ ሥር ተክል ሲሆን፣ ተቀቅሎና ተልጦ ከተፈጨ ወይም ከተከተፈ በኋላ በንጥር ቅቤና በቅመም ተለውሶ ይቀርባል። በካልሲየም የበለጸገ በመሆኑ አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለአራስ እናት እንደሚጠቅም የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ ያምናል። (አንጮቴ ሳይቀርብለት መስቀልን አከበርኩ የሚል የወለጋ ሰው ይህ ዘጋቢ እስካሁን አላጋጠመውም።) የመስቀሉ ድግስ ሳያልቅ ኢሬሳው ይደርሳል። ከቢሾፍቱ በዓል ቀጥሎ ባሉት ሳምንታትም በየዞኑና በየወረዳው በተራ ይከበራል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ወደሚጠይቅ ነጥብ ይደርሳል። ወለጋ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የወንጌላውያን ክርስትና ታሪክ ያለው አካባቢ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙትና ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመላቸው ኦነሲሞስ ነሲብ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በነቀምቴ ሲሆን፣ ያረፉትም እ.ኤ.አ. በ1931 በዚያው ነው። ስለሆነም በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ስለ ኢሬሳ ሦስት ዓይነት አመለካከት ይገኛል። ለዋቄፈና እምነት ተከታይ ኢሬሳ የአምልኮ አካል ነው። ለብዙዎች ደግሞ ሃይማኖታቸው ማንኛውም ቢሆን የምስጋናና የማንነት መገለጫ የሆነ ባህል ነው። ከእምነታቸው ጋር አይሄድም ብለው ወደ መልካው የማይወርዱም አሉ። ሦስቱም በየፊናቸው የቆዩ አቋሞች ናቸው።

መንግሥት ከሦስቱ አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ብሎ የመፍረድ ሥልጣን የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን አረጋግጧል። በአንቀጽ 39 ደግሞ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ባህላቸውን የመግለጽና የማዳበር መብት እንዳላቸው አስቀምጧል። እነዚህ ድንጋጌዎች በቢሮ ሥራ ላይ ያላቸው ትርጉም ቀላል ነው። ለበዓሉ መልካም አከባበር በጀትና የሰው ኃይል መመደብ ተገቢ ሲሆን፣ ሠራተኛን በስም ጥሪ አሰልፎ ወደ መልካ ማውረድ ግን ከሕጉም ከባህሉም ውጭ ነው። ወደ መልካ የሚወረደው በፈቃድ ነውና።

ሃይማኖትና ባህል የግድ ባላጋራ እንዳልሆኑ የወለጋ ታሪክ ራሱ ያሳያል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው ምንኩሉ እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተሙት የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ከሕዝቡ አፍ የተሰበሰቡ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ግጥሞችን አካቷል። ከልጅነቷ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር የሕዝቡን ቃል በብዛት ጽፋ ያስቀመጠች ሴት ናት። ከብዙ ዓመታት በኋላም በወለጋ የኖሩት ሆላንዳዊው ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ላምበርት ባርቴልስ ስለ ምዕራብ ኦሮሞ እምነትና ሥርዓት ሽማግሌዎችን ጠይቀው፣ ጸሎቶቻቸውንና ምርቃቶቻቸውን መዝግበው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በርሊን ላይ ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዛሬ ስለ ወለጋ ባህላዊ ሥርዓቶች የሚጽፍ ተመራማሪ ሁሉ ሊያልፈው የማይችለው ይህ ሥራ የአንድ ቄስ ሥራ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በከተሞች አካባቢ በዓሉ ከቤተሰብ ሥርዓትነት ወደ አደባባይ በዓልነት እያደገ መጥቷል። ይህ ዕድገት በአንድ በኩል ደስ የሚያሰኝ ነው። ባህሉን ከገጠር ከመጡ አያቶቹ ብቻ ይሰማ የነበረው የከተማ ወጣት ዛሬ ራሱ ተሳታፊ ሆኗል። የሀገር ልብስ ሰፊውና ሸማኔው፣ ሆቴሉና የትራንስፖርት አገልግሎቱ ገቢ ያገኙበታል። በሌላ በኩል ግን አደባባይ ሲመጣ መድረክ ይመጣል፤ መድረክ ሲመጣ በመድረኩ ላይ ማን ይቁም የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ይህ ጥያቄ በአግባቡ ካልተመለሰ የሚያስከትለው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በቢሾፍቱ ታይቷል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም በሆራ አርሰዲ በተከበረው በዓል ላይ፣ በወቅቱ በክልሉ በነበረው የፖለቲካ ውጥረት ውስጥ፣ ከመድረኩ ጋር በተያያዘ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጋዝ ተኮሱ። ሕዝቡ ሲሸሽ እርስ በርሱ ተረጋገጠ፤ ብዙዎችም በአቅራቢያው በነበረ ጥልቅ ቦይ ውስጥ ወድቀው ሕይወታቸው አለፈ። በወቅቱ መንግሥት የሟቾችን ቁጥር 55 ሲል አስታውቋል፤ የሰብአዊ መብት ተሟጋቾችና የተቃውሞ ወገኖች ግን ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚልቅ ገልጸዋል። በዚያው ሳምንት በመላ ሀገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለምስጋና የወጣ ሕዝብ በሐዘን ተመለሰ።

በቀጣዩ ዓመት የተደረገው ግን ለማንኛውም አስተዳዳሪ ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በመስከረም 2010 ዓ.ም የታጠቀ ኃይል በበዓሉ ስፍራ እንዳይገኝ ተወሰነ፤ ሥነ ሥርዓቱን አባ ገዳዎች መሩት፤ ሕዝቡን የማስተናገዱን ሥራ መሣሪያ ያልያዙ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ያዙት። በዓሉ በሰላም ተጠናቀቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም፣ በዓሉ ለረጅም ዘመን ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በአዲስ አበባ በሆራ ፊንፊኔ ተከበረ። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባው ቅዳሜ፣ የቢሾፍቱው እሑድ እየዋለ ቀጥሏል።

ሕዝባዊ በዓልን ሕዝቡና ማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ተከፋፍለው ሲያካሂዱት መልካም ውጤት እንደሚገኝ የሌላውም ዓለም ልምድ ያመለክታል። በሰሜን ስፔን በሚገኘው የባስክ ምድር ትልቋ ከተማ ቢልባኦ በየዓመቱ በነሐሴ ወር ‹አስቴ ናጉሲያ›፣ ትርጓሜው ‹ታላቁ ሳምንት› የተባለ የበጋ በዓል ታከብራለች። (እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እነርሱ በጋ ላይ ናቸው።) በዓሉ ዛሬ የያዘውን ቅርጽ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሀገሪቱ ከጄኔራል ፍራንኮ ዘመን ወጥታ ወደ ዴሞክራሲ በምትሸጋገርበት ወቅት ነው። ከዚያ ጀምሮ ‹ኮንፓርሳ› የሚባሉት የነዋሪዎች ማኅበራት ድንኳኑን፣ ሙዚቃውንና ሰልፉን ይዘዋል። ዘጠኝ ቀን የሚቆየው በዓል ሲያበቃ ‹ማሪያያ› የተባለችው ትልቅ የሴት ምስል ትቃጠላለች። የባስክ ቋንቋና ባህል በፍራንኮ ዘመን ለዓመታት የታፈነ በመሆኑ ሕዝቡ በዓሉን የራሱ አድርጎ መያዙ የተለየ ትርጉም ነበረው። የቢልባኦ በዓል ምስጋናም ጸሎትም የለበትምና ከኢሬሳ ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ንጽጽሩ የሥራ ክፍፍሉን ይመለከታል።

በወለጋ ከተሞች አስተዳደሩ ሊሠራው የሚገባው ሥራ ከመድረኩ ይልቅ ከወንዙ ይጀምራል። ከተማ ሲሰፋ የወንዝ ዳር መሬት ይፈለጋል። በፕላን ላይ መልካ ተብሎ ያልተከለለ መሻገሪያ አንድ ቀን የመኪና ማጠቢያ ወይም የግንባታ ዕቃ ማከማቻ ሆኖ ይገኛል፤ ወደ ውሃው የሚያወርደው የእግር መንገድም በአጥር ይዘጋል። በጊምቢና በሌሎች ቡና አብቃይ አካባቢዎች ደግሞ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ የሚጀምሩት ኢሬሳው በሚከበርበት ወቅት ገደማ ነው። ከጣቢያዎቹ የሚወጣው ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ውሃው ይሸታል፤ ይጠቁራልም። ሣር ተነክሮ ሕፃን የሚረጭበት ውሃ ይህ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን የመሬት አስተዳደሩ፣ የአካባቢ ጥበቃውና የንግድ ጽሕፈት ቤቱም ጉዳይ ነው።

የሕዝብ ብዛትን በሚመለከትም ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። የወንዝ ዳር ተዳፋትና አንሸራታች ነው፤ ክረምቱ ገና በመውጣቱ አፈሩ አልደረቀም። መውረጃና መውጫ አንድ ከሆነ መጨናነቅ አይቀርም። የመውረጃና የመውጫ መንገዶችን መለየት፣ ገደልና ቦይ ካለ ማጠር፣ አምቡላንስ የሚያልፍበትን መስመር ክፍት ማድረግ ዐይን የማይስቡ ሥራዎች ናቸው፤ በቢሾፍቱ የሰው ሕይወት የጠፋው ግን ከእነዚህ መጓደል ጭምር ነው። ንግግር ካለ ከምርቃቱ በኋላ፣ ያውም አጭር ይሁን። ምርቃቱን አቋርጦ እንግዳ ማስተዋወቅ በሽማግሌዎች ዘንድ ምን ያህል እንደሚያስከፋ ይህ ዘጋቢ ከአንድም ሁለት ጊዜ ታዝቧል።

ያለፉት ዓመታት ለወለጋ ቀላል አልነበሩም። በመስከረም 2011 ዓ.ም፣ በመስቀል ሰሞን፣ በካማሺ ዞንና በምሥራቅ ወለጋ አዋሳኝ አካባቢዎች በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለው ነቀምቴን ጨምሮ በተለያዩ ስፍራዎች ተጠልለዋል። በ2012 ዓ.ም በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል በቀጠለው ግጭትም መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የሆኑ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ዱሮ ደዴሳና አንገር ይሠሩት የነበረውን ሥራ በእነዚህ ዓመታት የተዘጋ መንገድና የተቋረጠ ስልክ ሠሩት። ልዩነቱ ወንዙ መስከረም ላይ መጉደሉን ሰው የሚያውቅ መሆኑ ነው። ለመስቀል ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ነጆ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ለመሄድ ያሰበ ሠራተኛ ከትኬት በፊት የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅ የግድ ሆኖበት ከርሟል።

ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ቅርሶችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀውን የዩኔስኮ ስምምነት በ1998 ዓ.ም ተቀብላለች። ከዚያ ወዲህ የመስቀል በዓል በ2006፣ የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2008፣ የገዳ ሥርዓት በ2009፣ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ስምምነቱ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ የሚቀበለው ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ ራሱ ቅርሴ ነው ያለውን ነው፤ በጥበቃውም የማኅበረሰቡን ተሳትፎ ይጠይቃል። በጥናትና በምዝገባ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች በወለጋ ሊሄዱበት የሚገባው ቦታ ታዲያ ትልቁ የከተማ በዓል ብቻ አይደለም። የየመልካው ስም፣ አባ መልካው የሚመረጡበት አኳኋን፣ በየወንዙ የሚባለው ምርቃት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የሚያውቁትም በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው።

የቢራው ምስጋና ካለፈ በኋላ መኸሩ ይደርሳል፤ ቡናው ይለቀማል፤ ጤፉና ዳጉሳው ይወቃል። በአርፋሳ ወራት እነዚሁ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው በዚህ ጊዜ ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ከወራት በፊት ስላሻገራቸው ያመሰገኑበትን ዝናብ መልሰው ለመለመን።